ሳረንስቱን ያበዛው ከፍታው ነው ወይስ ከቡናው መራቁ?

ጥያቄ፦ "ሰላም ለእርስዎ። ጅማ አቅራቢያ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በክረምት መርሐ ግብር ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ በበለጠ-ጌራ ጥብቅ ደን ውስጥ ያሉትን የሳረንስት ዝርያዎች ብዛትና ስርጭት ላጠና አስቤያለሁ። ዕቅዴ ከታች ተነስቼ እስከ ጫፍ በየ100 ሜትሩ ከፍታ ናሙና መውሰድ ነው። ከፍታ ሲጨምር ሳረንስት ይበዛል የሚለውን ማረጋገጥ እፈልጋለሁ። ይህ ያስኬዳል? ናሙናውንስ እንዴት ልያዘው? ማንስ ይለይልኛል? ጊዜዬ አጭር ነው፣ በጀቴም ከደመወዜ ነው።"

ምላሽ፦ ሰላም መምህር። ርዕሱን ወድጄዋለሁ። ሰው ሁሉ ወደ ትልልቁ ዛፍና ወደ ቡናው ሲሮጥ፣ ግንዱ ላይ የተለጠፈውን አረንጓዴ ነገር፣ ሳረንስቱን (በእንግሊዝኛ ሞስ)፣ ጠጋ ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት የዘረዘረው ትልቁ ሥራ እንኳ ሳረንስትን አልነካም። በ1980 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2009 እ.ኤ.አ. ሲጠናቀቅ 6,000 ገደማ ዝርያዎችን ይዟል። ሁሉም ግን አበባ ያላቸው፣ ዝግባን የመሰሉ ዛፎችና የፈርን ወገኖች ናቸው። ስለዚህ የእርስዎ ሥራ ትንሽም ብትሆን ቦታ አላት።

ዕቅድዎ ግን እንዳለ ከሄደ ችግር አለበት። እሱን ቀድሜ ልንገርዎ፤ ናሙና አያያዙ ቀላሉ ነገር ነው።

የበለጠ-ጌራ ደን ከ1,200 ሜትር አካባቢ ተነስቶ እስከ 2,900 ሜትር ገደማ ይወጣል። ቡናው ግን በዚህ አካባቢ ከ2,000 ሜትር ብዙም አያልፍም። ብርዱ አይስማማውም። እንግዲህ ከዚያ በታች ያለው ደን አብዛኛው እጅ የገባበት ነው። ገበሬው ከቡናው ሥር የሚበቅለውን ቁጥቋጦ በየዓመቱ ይመነጥራል። ጥላው ሲበዛበት ቅርንጫፍ ይመለምላል፣ ዛፍም ያሳሳል። ከዚያ በላይ ያለው ደን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ያልተነካ ባይባልም፣ ውስጡ ጥቅጥቅ ያለና ጨለምለም ያለ ነው። አሁን እርስዎ በየ100 ሜትሩ እየቆጠሩ ወጡ እንበል። ታች ጥቂት፣ ላይ ብዙ አገኙ። ግራፉ አምሮበት ወጣ። ፈታኙ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅዎታል፦ "ከፍታው ነው ወይስ ገጀራው?" በያዙት መረጃ መልስ የለዎትም። ሁለቱ አብረው ስለሚሄዱ የትኛውም የስታቲስቲክስ ፕሮግራም አይለያቸውም።

በነገራችን ላይ "ጥብቅ ደን" የሚለውን ቃል በጽሑፍዎ ላይ በጥንቃቄ ይጠቀሙበት። በለጠ-ጌራ በአገር ደረጃ ቅድሚያ ከተሰጣቸው ደኖች አንዱ ነው። ሰው የማይገባበት ቦታ ግን አይደለም። ሰው ይኖርበታል፣ ቀፎ ይሰቅልበታል፣ ቡና ይለቅምበታል። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በጃፓን የልማት ድርጅት በጃይካ ድጋፍ የአሳታፊ ደን አስተዳደር ሲሠራበት ቆይቷል። የአካባቢው ሰው በማኅበር ተደራጅቶ ደኑን ይጠብቃል፣ ይጠቀምበታልም። ለእርስዎ ጥናት ይህ የጎን መረጃ አይደለም። የሳረንስቱ ስርጭት ግማሽ ምክንያት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት የተክሉን አኗኗር ማየት ያስፈልጋል። ሳረንስት ሥር የለውም። ከታች የሚታየው ፀጉር መሳይ ነገር መያዣ ነው እንጂ እንደ ሥር ውሃ አይስብም። ቅጠሉ በአብዛኛው የአንድ ሕዋስ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ውሃ የሚጠጣው በመላ አካሉ ነው። ዝናብ ሲመጣ ይረሰርሳል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይደርቃል፣ ልክ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ልብስ። ሲደርቅ ግን ብዙዎቹ አይሞቱም። ሥራ ያቆማሉ። እንደገና ሲረጥቡ ወዲያው ነፍስ ይዘራሉ። ስለዚህ ለሳረንስት ዋናው ቁም ነገር በዓመት ስንት ሚሊ ሜትር ዘነበ የሚለው ብቻ አይደለም። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች፣ ይህ ለማንም ይበቃል። ጥያቄው ከዝናቡ በኋላ ግንዱ ስንት ሰዓት ረጥቦ ይቆያል የሚለው ነው።

ከፍታ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በ100 ሜትር ከፍታ ሙቀቱ በግምት በ0.6 ዲግሪ ይቀንሳል። ከጅማ ከተማ ተነስተው 2,400 ሜትር ቢደርሱ 4 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። አየሩ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ቶሎ አይተንም። ደመናውም ዝቅ ብሎ ደኑን ይነካዋል። ሌላም ምክንያት አለ። ቆላ ላይ ሌሊቱ ሞቃትና እርጥብ ነው። ሳረንስቱ ነቅቶ ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሳል። ብርሃን ስለሌለ ግን ምግብ አይሠራም። ቀን ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ ቶሎ ይደርቃል። ያጠራቀመውን ሌሊት ይጨርሳል፣ ቀን አይተካውም። ዝቅተኛ የሐሩር ደኖች ሳረንስት የሚያንሳቸው ለምንድን ነው ለሚለው በዘርፉ ብዙዎች የሚሰጡት ማብራሪያ ይህ ነው።

እንደዚያም ሆኖ ብዛቱ ያለማቋረጥ ወደ ላይ አይጨምርም። በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ላይ እጅግ ሀብታሙ ቀበቶ ደመና የሚጋርደው የተራራ ደን ነው። ከዚያ በላይ፣ ዛፉ እያጠረና ሜዳው እየተገለጠ ሲሄድ፣ የዝርያው ቁጥር ይወርዳል። የእናንተ ደን ጫፉ 2,900 ስለሆነ ቁልቁለቱን ላያዩት ይችላሉ። ስለዚህ "ከፍታ ሲጨምር ሳረንስት ይበዛል" ብለው እንደ ሕግ አይጻፉ። "በዚህና በዚህ ከፍታ መካከል ጨምሯል" ካሉ ይበቃል።

የደመናው ደን ምን ያህል እንደሚሸከም ለመገመት አንድ የታወቀ ጥናት ልጥቀስ። ሃንጋሪያዊው ታማሽ ፖች በ1980 እ.ኤ.አ. በታንዛንያ ኡሉጉሩ ተራሮች ላይ የሠራው ነው። ዛፍ ላይ የተለጠፈው ነገር ሁሉ ደርቆ ሲመዘን ዝቅ ባለው ደን በሄክታር 2 ቶን ገደማ ሆነ። ተራራው አናት ላይ ባለው አጭርና ሳረንስት የወረሰው ደን ግን 14 ቶን ገደማ ደረሰ። ይህ የላይኛው ደን በአንድ ዝናብ እስከ 50,000 ሊትር ውሃ በሄክታር ይዞ ማስቀረት ይችላል። ያ ውሃ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ከበለጠ ደን ወደ ጎጀብ ወንዝ የሚወርዱ ጅረቶችን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ለምን እንደሚያሳስብ ይገባዋል። የእኛ ደን ከኡሉጉሩ አናት ጋር አንድ አይደለም፤ ቁጥሩን ገልብጠው እንዳይወስዱ።

አሁን ወደ ገጀራው እንመለስ። ቁጥቋጦው ሲመነጠር ነፋስ ይገባል። ዛፉ ሲሳሳ ብርሃን ይገባል። የቀትሩ አየር ይደርቃል። ግንዱ በ4 ሰዓት ውስጥ ይደርቅ የነበረው በ2 ሰዓት ውስጥ ይደርቃል እንበል። ለአንዳንዱ ዝርያ ይህ ምንም ማለት አይደለም፣ ለሌላው ሞት ነው። የወደቀ ግንድ ለማገዶ ይወሰዳል፣ በበሰበሰ እንጨት ላይ ብቻ የሚኖሩት አብረው ይሄዳሉ። ሐረጉ ይቆረጣል። ያረጀው ዛፍ ይወድቃል፣ የሚተካው ወጣትና ልሙጥ ነው። ሳረንስት ደግሞ በአብዛኛው ያረጀ፣ የተሰነጣጠቀ፣ ዘንበል ያለ ግንድ ይወዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ደኑ ሲሳሳ የዝርያው ቁጥር የግድ አይቀንስም። ነዋሪዎቹ ይቀየራሉ። ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ፀሐይና ነፋስ የሚችሉት ዝርያዎች ላይ፣ ቅርንጫፎቹ ላይ ነው የሚኖሩት። ደኑ ሲከፈት እነሱ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ በደረትዎ ከፍታ ያገኟቸዋል። ጥላና እርጥበት የሚሹት ደግሞ ይጠፋሉ። 15 ጠፍተው 15 ቢተኩ ቆጠራዎ "ለውጥ የለም" ይላል። ስለዚህ ስንት የሚለውን ብቻ ሳይሆን እነማን የሚለውን ማወዳደር አለብዎት። ለእኔ የዝርያ ስብጥርን የሚለካው የሻነን ቀመር ከሚሰጥዎት አንድ ቁጥር ይልቅ የሁለት ቦታዎች ተመሳሳይነት ሠንጠረዥ ብዙ ይናገራል።

ቡናን ግን እንደ ጠላት አይሳሉት። የስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲው ክሪስቶፈር ሃይላንደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ስለሺ ነሞምሳ በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን ላይ ለዓመታት ሠርተዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ የጓሮ ቡና ጥላ ዛፎች ለብዙ የደን ተለጣፊ ዕፅዋት መጠጊያ እንደሆኑ አሳይተዋል። ያረጀ የቡና ግንድ ራሱ ጥሩ መኖሪያ ነው። አንዳንድ ገበሬ "ቡናዬን በላብኝ" ብሎ ይፍቀዋል። ሳረንስት ከቡናው ምንም አይመጥም። ቅርፊቱ ላይ ነው የተቀመጠው፣ ውስጥ አይገባም። ቆጠራ ሲሄዱ ከገበሬው ጋር ይህን ማውራትዎ አይቀርምና ይወቁት። የተፋቀ ግንድ ላይ ደግሞ ናሙና እንዳይወስዱ መጀመሪያ ይጠይቁ።

ታዲያ ከፍታንና ቡናን እንዴት እንለያቸው? አንዱን ትልቅ ጥያቄ ለሁለት ትንንሽ ይክፈሉት። የመጀመሪያው የቡና ጥያቄ ነው። ከ1,800 እስከ 2,100 ሜትር ያለውን ቀበቶ ብቻ ይያዙ። እዚያ ውስጥ ቡና የሚለማበትና የማይለማበት ደን ጎን ለጎን ይፈልጉ። ቡና የሌለበት ይገኛል ወይ ካሉኝ፣ ይገኛል። ገደል ያለበት ተዳፋት፣ የጅረት ዳር፣ ረግረግ የሚያበዛ ቦታ፣ የድሮ መቃብር ያለበት ሥፍራ ገበሬው ብዙም አይነካውም። እርግጥ የጅረት ዳር በራሱ እርጥብ ነው፣ እሱን ከደረቅ ቡና ጋር ካወዳደሩ ሌላ ወጥመድ ውስጥ ገቡ። የጅረት ዳሩን ቡና ከጅረት ዳሩ ደን፣ የተዳፋቱን ቡና ከተዳፋቱ ደን ጋር ያጣምሩ። ሁለተኛው የከፍታ ጥያቄ ነው። እሱን ቡና በሌለበት ደን ብቻ፣ ከ2,000 ሜትር ወደ ላይ በሦስት ወይም በአራት እርከን ይሥሩት። በየ100 ሜትሩ መሄድ አያስፈልግም፤ ጉልበትዎን ይበላል። በየእርከኑ ጥቂት ቦታዎችን መድገም ይሻላል።

ጊዜና ገንዘብ ካጠረ ሁለተኛውን ይተዉት። በእኔ ግምት የመጀመሪያው ብቻውን ለሁለተኛ ዲግሪ በቂ ነው፣ አዲስ ነገርም ይናገራል። ጌራንም ይተዉት። በለጠ ከጅማ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ሸቤ አካባቢ ስለሆነ በሕዝብ ትራንስፖርት ደርሰው ይመለሳሉ። ጌራ በአጋሮ በኩል ዞሮ የሚገባ ነው፣ ማደሪያና አስጎብኚ ይፈልጋል።

ለአሠራሩ እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። 6 ቡና ያለባቸው፣ 6 የሌለባቸው ቦታዎች፣ እያንዳንዳቸው 20 በ20 ሜትር። በእያንዳንዱ ቦታ 5 ዛፍ። በእያንዳንዱ ዛፍ ግርጌና 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ከሽቦ የተሠራ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር መለኪያ በአራቱም ጎን እየለጠፉ ይመዝግቡ። ሲተነትኑ ግን የአንድ ዛፍ አራት ጎኖች አራት ናሙና አይደሉም። የአንድ ቦታ አምስት ዛፎችም አምስት ነጻ ናሙናዎች አይደሉም። የሚወዳደሩት 12ቱ ቦታዎች ናቸው። ይህን ያልተጠነቀቀ ጽሑፍ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ 480 ናሙና ብሎ ይጀምርና በውጤቱ ሁሉም ነገር "ጉልህ ልዩነት አለው" ይላል።

ዛፉንም አንድ ያድርጉት። ቡና ውስጥ የሚያገኙት ሰሳ፣ ዋንዛና ብሳና ነው። ጥልቅ ደን ውስጥ ቀረሮና ሌሎች ግዙፎች ይበዛሉ። የቅርፊታቸው ሻካራነት፣ አሲድነትና ውሃ የመያዝ አቅም ይለያያል። ቀረሮን ከሰሳ ጋር ካወዳደሩ ያወዳደሩት ዛፍን ነው። በሁለቱም ቦታ የሚገኝ አንድ ወይም ሁለት ዛፍ ይምረጡ፣ ለምሳሌ ሰሳን። ውፍረታቸውም ይቀራረብ።

አንድ ነገር ሳልረሳ። የውጭ መመሪያዎች "የግንዱን ሰሜናዊ ጎን ይመልከቱ" ይላሉ። ያ ለአውሮፓ ነው። ጅማ ከምድር ወገብ በላይ ከ8 ዲግሪ በታች ነው ያለችው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፣ በቀሩት ወራት በደቡብ። ስለዚህ ሰሜን ደቡብ ማለት ለእኛ ያን ያህል አይጠቅምም። ይልቅ ግንዱ ወዴት እንዳዘነበለ ይመዝግቡ። ያዘነበለ ግንድ በላይኛው ጎኑ ውሃ ይቀበላል፣ ከሥሩ ደረቅ ነው። ልዩነቱን በዓይንዎ ያዩታል።

መለኪያው የማይደርስበትን ደግሞ በሌላ መንገድ ይያዙ። የዛፉ አናት ላይ መውጣት አይጠበቅብዎትም። ከነፋስና ከዝናብ በኋላ ትኩስ የወደቁ ቅርንጫፎችን ይሰብስቡ፣ ላይ ያለውን ዓለም ይነግሩዎታል። ከዚያ በየቦታው አንድ ሰዓት ይመድቡና ድንጋዩን፣ የተናደ አፈሩን፣ የበሰበሰ ግንዱን፣ የጅረቱን ዳር ያስሱ። በዚህ የሚያገኙትን በዝርዝሩ ያስገቡት እንጂ ከመለኪያው ቁጥር ጋር አይቀላቅሉት። ብርቅ የሆኑት ብዙውን ጊዜ በዚህ ሰዓት ነው የሚገኙት።

ምን እንደሚጠብቁ ትንሽ ልበል። በእኛ ዓይነት ተራራማ ደን ውስጥ ከቅርንጫፍ ተንጠልጥለው ረዘም ያሉ ቢጫ አረንጓዴ ክሮች ካዩ ከፒሎትሪኬላ ወገን ሊሆኑ ይችላሉ። እርጥበት ወዳድ ናቸው፣ ደኑ ሲከፈት ቀድመው ከሚሄዱት ውስጥ ናቸው። ግንድ ላይ ጠፍጣፋ፣ እንደ ላባ የተዘረጋ ከሆነ የኔኬራ ቤተሰብን ይጠርጥሩ። ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቆ የሚሳብ፣ ሲደርቅ ቅጠሉ የሚጠማዘዝ ማክሮሚትሪየም ድርቅ ቻይ ነው። የተቆረጠ መንገድ ዳር አፈር ላይ በሁለት ረድፍ ቅጠል የደረደረ ትንሽዬ ነገር ካገኙ ፊሲደንስ ነው። ከሰል የተከሰለበት ቦታ ፉናሪያ ሃይግሮሜትሪካ ቀድሞ ይበቅላል፤ እሱን ካዩ እሳት እንደነበረ ይወቁ። እርሱንና ብሪየም አርጀንቲየምን ለመማር ደግሞ ደን አያስፈልግም። ብር የመሰለው ብሪየም በዓለም ሁሉ የተሰራጨ የከተማ ነዋሪ ነው። ከኮብልስቶን ድንጋዮች መሃል ይፈልጉት፣ ለተማሪዎችዎም ጥሩ መማሪያ ነው።

የእውነተኛ ሳረንስት ዘመዶች የሆኑትን ሊቨርወርቶች እንዲያስገቡ አጥብቄ እመክራለሁ። በዓለም ላይ ሳረንስት 12,000 ገደማ ዝርያ አለው፣ ሊቨርወርት ደግሞ 7,000 ገደማ። እርጥብ የሐሩር ደን ውስጥ ግን ዛፍ ላይ ከሚኖሩት መካከል ሊቨርወርቱ ብዙ ጊዜ እኩል ይሆናል ወይም ይበልጣል። ልዩነቱ በእጅ ሌንስ ይታያል። ቅጠላማው ሊቨርወርት ቅጠሉን በሁለት ረድፍ ይደረድራል፣ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ሦስተኛ ረድፍ ትንንሽ ቅጠሎች አሉት። መሃል ጅማት የለውም። ሳረንስት ብዙውን ጊዜ ዙሪያውን ይደረድራል፣ ብዙዎቹም የመሃል ጅማት አላቸው። የሳረንስቱ የዘር ከረጢት ጠንካራ ዘንግ ላይ ቆሞ ይሰነብታል። የሊቨርወርቱ ዘንግ ለስላሳና ነጣ ያለ ነው፣ ከረጢቱ ለአራት ተሰንጥቆ ወዲያው ይጠፋል። ግራጫ ሆኖ እንደ ፂም የሚንጠለጠለው የዛፍ ሽበት ደግሞ ሁለቱንም አይደለም፣ ላይክን (የፈንገስና የአልጌ ጥምረት) ነው። እሱን ይተዉት።

ከሊቨርወርቶቹ ውስጥ ቅጠል ላይ የሚኖሩትን በተለይ ይዩልኝ። አብዛኞቹ የሌጁኒያ ቤተሰብ ናቸው። ቅጠል እስኪረግፍ ድረስ ብቻ ነው ዕድሜ ያላቸው፣ ስለዚህ ያረጀ ቅጠልና የማያቋርጥ እርጥበት ይሻሉ። የደን ጠርዝ ላይ አየሩ ሲደርቅ ወዲያው ይጎዳሉ። በሁለቱም ቦታ የሚገኝ አንድ ዓይነት ለምለም ቁጥቋጦ ይምረጡና ከእያንዳንዱ ቦታ 20 ያረጁ ቅጠሎች ይመልከቱ። ስም ባያወጡላቸው እንኳ ስንቱ ቅጠል ላይ አለ የሚለው ብቻ ጠንካራ መረጃ ይሰጣል። ደኑ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ ለማወቅ እኔ ከዚህ የተሻለ ርካሽ ዘዴ አላውቅም።

ናሙና አያያዙ ቀላል ነው። ፌስታል ውስጥ አያስገቡ፤ ይሻግታል። ወረቀት እንደ ፖስታ አጥፈው ይያዙ፣ ያገለገለ ወረቀትም ይሆናል። መዳፍዎን ግማሽ የሚሞላ ይበቃል፣ የቀረውን ቦታው ላይ ይተዉት። ፖስታው ላይ እዚያው ቆመው ይጻፉ፦ የናሙና ቁጥር፣ ቀን፣ ቦታ፣ ከፍታ፣ የጂፒኤስ ንባብ፣ ምን ላይ እንደነበረ፣ ዛፍ ከሆነ የትኛው ዛፍ በስንት ሜትር ከፍታ። "በኋላ እጽፈዋለሁ" የሚባል ነገር የለም። ቤት ሲደርሱ ፖስታዎቹን ከፈት አድርገው ጥላ ላይ ያድርቋቸው። እንደ አበባ መጫን አያስፈልግም። ምድጃ በላይም አይስቀሉት፣ ጥቀርሻ ያበላሸዋል። በደንብ የደረቀ ሳረንስት ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። ለማየት ሲፈልጉ ጠብታ ውሃ ያድርጉበት፣ ቅርጹ ይመለሳል።

ለመለየት 10 ወይም 20 ጊዜ የሚያጎላ የእጅ ሌንስና የትምህርት ቤትዎ ማይክሮስኮፕ ይበቃሉ። አንድ ቅጠል በመቆንጠጫ ነቅለው በውሃ ጠብታ መስተዋት ላይ ያድርጉ። የሕዋሱን ቅርጽ፣ የመሃል ጅማቱ የት እንደሚያቆም፣ ጠርዙ ጥርስ እንዳለው፣ የቅጠሉ ግርጌ ማዕዘን ላይ ያሉት ሕዋሶች ከሌሎቹ መለየታቸውን ይዩ። በ400 ጊዜ ማጉላት ሕዋሱ ላይ ትንንሽ ጉብታዎች መኖራቸውም ይታያል። ፎቶ ያንሱ፣ የስልክ ካሜራ በማይክሮስኮፑ ዓይን ላይ ጥሩ ይሠራል። ከዚያ በቁጥር ይሰይሟቸው፦ ፊሲደንስ 1፣ ፊሲደንስ 2። ለትንተናዎ ይህ በቂ ነው፤ ተመሳሳዩን ከተመሳሳዩ ጋር ማስቀመጥዎ ነው ዋናው። ሁሉንም እስከ ዝርያ ስም ለማድረስ አይሞክሩ፤ ባለሙያዎችም ፍሬ ያላወጣ ብሪየም ሲሰጣቸው ያማርራሉ። ስም ላይ ሲደርሱ ብራያን ኦሼይ ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮችን ሳረንስት አሰባስቦ ያዘጋጀው ዝርዝር ለኢትዮጵያ የተመዘገቡትን ያሳይዎታል። እዚያ ውስጥ ያልተጻፈ ነገር ቢያገኙ ወዲያው "ለአገሪቱ አዲስ" ብለው አይጩኹ። የቆዩት ስብስቦች ያልተሟሉ ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ትግራይ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት የኖረው ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር በብዛት ሰብስቧል፣ የእሱ ግን የሰሜኑ ነው። (የአጎቱ ልጅ ደግሞ በስትራስቡርግ በዘመኑ ከታወቁት የሳረንስት ሊቃውንት አንዱ ነበር። ቤተሰቡ ተክል ወዳድ ነበር።) ደቡብ ምዕራቡ ገና ብዙ ይቀረዋል።

የናሙናዎን አንድ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ላለው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክር እንዲሰጡ እመክራለሁ። ጽሑፍዎ መደርደሪያ ላይ ቢቀር እንኳ ናሙናው ይኖራል። የሚለይልዎትንም ሰው መፈለግ የሚጀምሩት ከዚያ ነው። ወደ ውጭ ልላክ ካሉ ግን መጀመሪያ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ፈቃድ ያግኙ። የጄኔቲክ ሀብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ለደረቀ ሳረንስት የተለየ በር አልከፈተም። በፖስታ ደብዳቤ ውስጥ አጥፎ መላክ የተለመደ ስለሆነ ነው ይህን የማነሳው። ደኑ ውስጥ ለመግባት ደግሞ ከዩኒቨርሲቲዎ ደብዳቤ ይዘው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅትን የአካባቢ ቢሮ፣ ከዚያ ቀበሌውንና የደን ማኅበሩን ያነጋግሩ። የማኅበሩን ሰው በቀን አበል ይዘው ቢሄዱ ከሁሉም ይጠቅምዎታል። የትኛው ቦታ መቼ እንደተመነጠረ፣ የትኛው ዛፍ መቼ እንደወደቀ እሱ ያውቃል። ያን መረጃ ከሳተላይት ምስል አያገኙትም።

መቼ ልሂድ ላሉት፦ ሳረንስት ዓመቱን ሙሉ አለ። ሐምሌና ነሐሴ ግን መንገዱ ጭቃ ነው፣ እርስዎም ክፍል ውስጥ ነዎት፣ ናሙናውም አይደርቅልዎትም። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ቅዳሜና እሁድን ቢጠቀሙ ደኑ ገና እርጥብ ነው፣ ቀለሙም ጎልቶ ይታያል። የቡና ለቀማውም በዚያው ሰሞን ስለሚጀምር ገበሬውን ቦታው ላይ ያገኙታል። ከዚያ በጥር አንዴ ይመለሱ። አዲስ ናሙና ለመሰብሰብ አይደለም። ርካሽ የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ ይያዙ፣ በ12ቱም ቦታ በቀትር ይለኩ። በአንድ ቀን ስለማይዳረስ ጥንዶቹን አይለያዩ፤ የቡናውንና የደኑን በተመሳሳይ ቀን ያድርጉ።